ከኋላ የቆመ ሰው

ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ ለዘማርያም፤

እንዴት ከርመሃል? ሐዋሳ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ቆላ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ፀሐይ ራስህን ያምህ ነበርና አሳብ ገብቶኛል። እኛ አለን፤ ጌታ ይመስገን፣ እናትህም እኔም በሕይወት አለን።

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ብድግ እላለሁ፣ ግቢውን አንድ ዙር እዞራለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። እናትህ «ምን ሆነዋል ዛሬ? ወንበሩ ላይ ቁንጫ አለ እንዴ?» ብላኛለች። በስልክ አይሻልም ወይ ትል ይሆናል። ስልኩንማ አየነው! በስምንት ወር ሁለት ጊዜ አነሳህልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ አባባ» ተባብለን ዘጋን። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ያለህበትን ቦታ ከጓደኛህ ከኃይለ ሚካኤል ተቀበልሁ። አትቆጣው፤ ለምኜ፣ ለምኜ ነው የነገረኝ።

ነገሩን አላድበሰብስብህም። ለፋሲካ ቤትህ እንድትገባ እፈልጋለሁ። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ግን እንዲያው በደረቁ ና ብዬ ልጽፍልህ አልችልም፤ አስቀድሜ ልነግርህ የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። እሱን ሰምተህ ነው መምጣትም መቅረትም ያለብህ። እነግርሃለሁ። እስከዚያው ግን ትንሽ ታገሠኝና ስለ እግሬ ላውራህ።

አንተ ሳትሰናበተን በሄድህበት በሐምሌ እኔ አልጋ ላይ ነበርሁ፣ ጭኔ ውስጥ ብረት ገብቶልኝ። አጥንቱ ጥቅምት ላይ ገጠመ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ እያየ «አባ፣ አጥንቱ ድኗል፤ የሞተው ሥጋው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የግራ ጭኔ ከክንዴ አይወፍርም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በሁለት መቋሚያ ተደግፌ እንኳ ወንጌል ተነቦ እስኪያልቅ መቆም አቃተኝ። መቆም የማይችል ቄስ ምን ያደርጋል? ሃያ ስድስት ዓመት ቀድሼ እንደ እንግዳ ከውጭ ተቀምጬ ቅዳሴ እሰማ ጀመር። ሕፃናት ሲያዩኝ እንኳ ያናድደኝ ነበር። በዚያ ሰሞን እናትህን ያልተቆጣሁበት ቀን የለም።

ሐኪሙ «ጂም ይግቡ፣ ሌላ መድኃኒት የለዎትም» አለኝ። እናትህ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ቄስ? ጂም? ደረታቸውን ገልጠው ከሚሄዱት ጋር?» አለች። እኔም አልገባም ብዬ ነበር። የወሰደኝ አበረ ነው። አበረን አታውቀውም፤ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ካንተ በሦስት አራት ዓመት ይበልጣል። ሆስፒታል ሲያመላልሰኝ ተላመድን። እሱ ራሱ እዚያ ብረት ያነሣል። «እኔ እወስድዎታለሁ፣ እኔ እመልስዎታለሁ፤ ካላማርንዎት ሁለተኛ አይመጡም» አለኝ። ደጃፉ ላይ አራት ደረጃ አለ። የመጀመሪያውን ወር አራቱንም አዝሎኝ ነው የወጣው።

ጂም ስልህ በቴሌቪዥን የምናየው አይምሰልህ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከክብደቱ ግማሹ የተገዛ ነው፤ ግማሹ ደግሞ በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው የብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ያደረቁት። መሬት ላይ የተተከለ፣ የትም የማይሄድ ብስክሌት አለ። ላቡስ! ኧረ የላቡን ነገር ተወው! የመጀመሪያ ቀን ጥምጥሜን እንዳደረግሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ መስቀሌን ይዤ ገባሁ። ያ ሁሉ ጎረምሳ ብረቱን አስቀምጦ ለመሳለም ተሰለፈ። አንዱ ሮጦ ዘፈኑን አጠፋው። እነሱም አፈሩ፣ እኔም አፈርሁ፣ ሁላችንም የምንይዘው ጠፋን።

ባለቤቱ ይታያል ይባላል። ድሮ ሯጭ ነበር፤ ጉልበቱ ተበላሽቶ ተወው። ቀጭን ነው፣ ሳቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «አባ፣ እዚህ ቤት መስቀሉ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፣ ጋቢው ምስማሩ ላይ ይሰቀላል። ነገ ቱታ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ደሜ ፈላ። «እኔን ነው?» ብዬ ልወጣ ስል አበረ እጄን ያዘኝና «ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚናገረው አባ፣ ይቀመጡ» አለኝ። በማግስቱ ከሻንጣህ ሰማያዊውን ቱታህን አወጣሁ። ሳላስፈቅድህ ነው፤ ይቅር በለኝ። እግሩ ረዝሞብኝ ሁለት ጊዜ አጥፌዋለሁ።

የብርጓል የምትባል የጤፍ ነጋዴም እዚያ ትመጣለች። ጆንያ ሲወርድ ትከሻዋን መትቷት ክንዷ አልነሣ ብሏት ነው። ቀኝ እጇን ከጆሮዋ በላይ ለማድረስ ስትታገል እንባዋ ይወርዳል፤ አፏ ግን አያርፍም። እኔ ቁጭ ብድግ ስሠራ ሦስተኛው ላይ «በቃኝ» ካልሁ «አባ፣ ለእኛ አርባ ስግደት ሲያዝዙን በቃኝ ብለን እናውቃለን?» ትለኛለች። የንስሓ ልጄ እኮ ናት! ያን ጊዜ ቀለል አድርጌ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ብዬ ተቆጭቻለሁ።

ደግሞ ሲያመኝ ቁጥር ይጠፋብኛል። አራት ልበል አምስት አላውቅም። አንድ ቀን ሳላስበው «እግዚኦ ተሣሃለነ» እያልሁ ወረድሁ፣ ወጣሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስቆም ይታያል «ልክ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ተራ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ በእግዚኦታ ይቆጥርልኛል። አንዱ ወጠምሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «አርባ አንድ እናድርስልዎ?» እያለ ያሾፍብኛል። ልጄ፣ አልዋሽህም፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስውል እግሬን እረሳዋለሁ። ጥር ላይ አንዱን መቋሚያ ጣልሁ። የካቲት ላይ ሁለተኛውን። የጣልሁ ዕለት አበረ የባጃጁን ጥሩምባ እየነፋ አስፋልቱን ሦስት ጊዜ አዞረኝ። እናትህ ጩኸቱን ሰምታ ሰርግ መስሏት ወጥታለች።

ይታያል አንድ ሕግ አለው። ብረት ማንም ብቻውን አያነሣም። አንዱ አግዳሚው ላይ በጀርባው ተጋድሞ ሲያነሣ ሌላው ራስጌው ቆሞ እጁን ከዘንጉ ሥር ያደርጋል፤ የተጋደመው ክንዱ ሲከዳው የቆመው ይቀበለዋል። ከኋላ መቆም ይሉታል። የካቲት መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ አባም መቆም ይችላሉ» ተባልሁ። ምን ልበልህ፣ ቅስና የተቀበልሁ ቀን እንኳ እንዲህ ደስ ያለኝ አይመስለኝም። ሰው ተሸክሞኝ ሲያወጣኝ ኖሬ አሁን እኔም ለሰው መቆም ጀመርሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አበረ አግዳሚው ላይ ነበር። ከወትሮው አብልጦ ጭኗል። ራስጌው የቆምሁት እኔ ነኝ። ይታያል ውጭ ከሰው ጋር ያወራል። ስምንተኛው ላይ የአበረ ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየሁና እጄን ከዘንጉ ሥር አደረግሁ። በጾም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ መሆኑን ታውቃለህ። ልክ ያን ጊዜ ደወሉ ተመታ። ከደወሉ ቅዳሴው የት እንደ ደረሰ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት እኮ ውስጥ ነበርሁ። እጄን ከዘንጉ አወጣሁ። ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ አማተብሁ፣ ጎንበስ አልሁ። አስቤው አይደለም፤ እጄ ራሱ ነው የሄደው። ከዚያ የብርጓል ስትጮህ ሰማሁ።

ዘንጉ ደረቱ ላይ ወድቆ ነበር። ሁለት ሰው ተረባርቦ አነሣለት። ይታያል ሮጦ ገባና «ማን ነበር ከኋላው?» አለ። አበረ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ማንም የለም... ብቻዬን ነው ያነሣሁት... አባ ተው ብለውኝ ነበር» አለ። ይታያል ጮኸበት። እንዲያ ሲጮህ አይቼው አላውቅም። «አራት ዓመት ያስተማርሁህ ለዚህ ነው? ውጣ! ወር ሙሉ ዓይንህን እንዳላየው!» አለው። አበረ ጎኑን ይዞ ተነሥቶ ወጣ። እኔ አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁት። ዝም አልሁ።

ስንወጣ የብርጓል በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ዘወትር ተሳልማኝ ነው የምትሄደው። መስቀሉን ዘረጋሁላት፤ አየችው፣ አልተሳለመችም። «ዛሬ ይቆይ አባ» ብላኝ ሄደች። የሚወስደኝ ባጃጅ የለም። ቤት ድረስ በእግሬ መጣሁ፣ ያለ መቋሚያ፣ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም። ከተሰበርሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ለእናትህ አልነገርኋትም።

ሐሙስ ሄጄ ሁሉም ባሉበት ለይታያል እውነቱን ነገርሁት። «አበረ ብቻውን እንደማያነሣ አውቃለሁ። እስኪነግሩኝ ነበር የጠበቅሁት» አለኝ። ከዚያ ከየብርጓል ጋር አበረ ቤት ሄድን። አንድ ጎድን አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ ጎረቤቶቹ ሾርባ ሠርተውለታል። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ቄስማ እግሬ ላይ አይወድቅም ብሎ ዘሎ ተነሣ፤ መልሶ በሕመም ጮኸ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቀረን። «ለምን ዋሸህልኝ?» አልሁት። «አባ፣ እኔ ስድብ ለምጃለሁ። ትራፊኩ ይሰድበኛል፣ ተሳፋሪው ይሰድበኛል። እርስዎን ሰው ሲሰድብዎ ማየት ግን አልፈለግሁም» አለኝ።

በዚህን ጊዜ ለቅሶዬን መያዝ አቃተኝ። «ከአንተ በፊት እንዲህ ያደረገልኝ ሰው አለ» አልሁና የመንገዱን ነገር በሙሉ ዘረገፍሁላቸው። የብርጓል ዓይኗን ጠርጋ ምን አለችኝ መሰለህ? «ለእኛ ምን ያደርግልናል አባ? ለልጅዎ ይንገሩት እንጂ!»

ይኸው ደረስሁ። እንደገና ተነሥቼ ግቢውን ዞሬ መጣሁ። ልጻፈው።

ከይጁቤ ከክርስትናው በሞተርህ ስንመለስ፣ ጠጠሩ መንገድ ጋ ስንደርስ «አባባ፣ ወገቤን አጥብቀው ይያዙ» አልኸኝ። ያዝሁህ። ከመታጠፊያው በፊት በስተግራ ያለችውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ታውቃታለህ። በእግሬ ሳልፍ ቆሜ እሳለማታለሁ፤ በበቅሎ ሳልፍ ወርጄ። በሞተር ላይ ሆኜ ሳልሳለማት ማለፍ አስጨነቀኝ። «አቁምልኝ» ማለት ይቻል ነበር። አላልሁህም። ሁለቱንም እጄን ለቀቅሁ። መርገጫው ላይ ቆምሁና አማትቤ ወደ ግራ ጎንበስ አልሁ። ሞተሩን ያዞረው የእኔ ክብደት ነው። አንተ አልፈጠንህም። እደግመዋለሁ፣ ልጄ፤ አልፈጠንህም።

ወድቄ እንደተዘረርሁ ሁሉን እሰማ ነበር። ለትራፊክ ፖሊሱ «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ፈጥኜ ነው» ስትለው ሰምቼሃለሁ። የእኔን መነሣት ሳታውቅ ይሁን፣ አውቀህ ልትሸፍንልኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሆስፒታል ደግሞ እናትህ አልጋዬ አጠገብ «አባትህን ገደልኸው! ከዓይኔ ራቅ!» ስትልህ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አልተኛሁም ነበር፣ ዘማርያም። አንዱም ቃል አላመለጠኝም። ወጥተህ ስትሄድ የእግርህን ኮቴ ሰምቻለሁ። ዓይኔን ብገልጥ፣ አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። «ቄሱ በሞተር ላይ ሲሳለም ልጁን ሊጨርሰው ነበር» መባልን ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈልጌም አላገኘሁ። እየዋለ እያደረ ሲሄድ መናገሩ ከበደኝ፤ አንተም ሄድህ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ቅዳሜ እዚህ ላይ ጨርሼ ወረቀቱን ላጥፈው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። እናትህ አንተን እንደ በደለኛ እያየች፣ እኔ ተደብቄ ይቅርታ ልልክ? ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነገርኋት።

ምስር እየለቀመች ነበር። ስናገር አላቋረጠችኝም፣ ቀናም አላለች። ሰፌዱን ጨርሳ አስቀመጠችው። ከተጋባን ሠላሳ ዓመት አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት «ሰምተህ ነው ዝም ያልኸው?» አለችኝ። «አዎ» አልሁ። «ስሰድበው እየሰማህ?» «አዎ።» ተነሥታ ወጣች። ጎረቤት ሄዳ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና «ሐዋሳ በስንት ቀን ይገባል?» አለችኝ።

እኔ ልሂድ አልኋት። እግሬ ችሏል፣ እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ አልሁ። አልሰማችኝም። «አንተ ዝም ነው ያልኸው። በአፌ የተናገርሁት እኔ ነኝ። እኔው እሄዳለሁ» አለች። ከደጀን ወዲያ አልፋ አታውቅም። የዓባይን በረሃ ስታልፍ ያዞራታል ብዬ ፈርቻለሁ። የብርጓል እህል ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን የወንድሟን አይሱዙ ለምናላታለች፤ ከዚያ ወንድሟ ራሱ የሐዋሳ አውቶቡስ ላይ ያሳፍራታል። ይታያል ማታ ቤት ድረስ መጥቶ «አባ ብቻቸውን አይሆኑም፣ ምሳቸውን እኛ ጋ ይበላሉ» ብሏታል። ያ ሳቅ የማያውቅ ሰው! አበረም ጎኑን አሥሮ ሊሸኛት መጥቷል፤ ተኛ ብንለው እምቢ አለ። ጭቅጭቃቸው ቤቱን ሞልቶታል፣ የምጽፈውም በመሃሉ ተቀምጬ ነው።

እኔ ገና መቅደስ አልገባሁም። ቆሜ መቀደስ እችላለሁ፤ ጉልበቴ ደርሷል። አንተ ይህን አንብበህ የምትለኝን ሳልሰማ ግን ልብሰ ተክህኖ አልለብስም ብያለሁ። ለአለቃውም ነግሬያቸዋለሁ። ና ብዬ አላስገድድህም። ብትቆጣ ልክ ነህ። ብትሰድበኝም እቀበለዋለሁ፤ ብቻ ስልኩን አንሣና ስደበኝ።

የድንግል ልጅ የወጣህበትን መንገድ ይጠብቅልህ። የያዝኸው ይጽናልህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ፣ ባለህበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ፤ እኔን ሰው እንዳላሳጣኝ።

አሁን እናትህ ወረቀቱን ስጠኝ፣ በእጄ ነው የማደርስለት እያለች ከፊቴ ቆማለች። ዘማርያም አንብቦ እስኪጨርስ አልቀመጥም፣ ቆሜ ነው የምጠብቀው ብላ ምላለች። እንደምታውቃት ነው፤ አትቀመጥም። ይህን ስታነብ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ከርማለች፤ እግሯ ያብጣል። ልጄ፣ እባክህ ቀና በልና ወንበር ስጣት።

በደለኛው አባትህ
ቄስ እንዳላማው